ድምፁን አጥፉልኝ

ባለፈው የትንሣኤ ሰሞን ልጄ ሩት ልጆቿን ይዛ ልትጠይቀኝ መጣች። ከምሳ በኋላ ልጆቹ ቴሌቪዥኑ ፊት ተኮልኩለው ስለ አንድ ቤተሰብ የተሠራ የውጭ ፊልም ሊያዩ ሲሰናዱ፣ ሩት እንደ ልማዷ ወደ እኔ ዞረችና፣ "አባባ፣ ጥሩ ትምህርት አለው ብለውኛል፤ ለልጆች ይሆን እንደ ሆነ እስቲ እርስዎ መጀመሪያ ይዩልኝ" አለች። እኔም እንደ ልማዴ፣ "ድምፁን አጥፉልኝ" አልሁ።

ትንሿ የልጅ ልጄ ማርታ ፊቷን አጨማድዳ፣ "ድምፅ የሌለው ፊልም ምን ይጥማል አባባ?" አለች።

"አይጥምም። እኔም እንዲጥመኝ አይደለም" ብዬ መነጽሬን አደረግሁ።

በቤታችን ይህ ጠባዬ የታወቀ ነው። ልጆቼ የእርጅና አመል ይሉታል፤ ጎረቤት ደግሞ የቄስ ጥርጣሬ ይለዋል። እኔ ግን አልተውሁትም። የቤተሰብ ፊልም ከሌላው ፊልም ይልቅ ያስፈራኛል። ጦርነት የሚያሳይ ፊልም ውሸቱን በግልጽ ይዞ ይመጣል፤ የቤተሰብ ፊልም ግን እናትን፣ ማዕድንና ሕፃንን አስቀድሞ ስለሚመጣ ሰው ልቡን ከፍቶ ይቀበለዋል። ስለዚህ ሰዎቹ የሚሉትን ሳልሰማ የሚያደርጉትን አያለሁ። እናት ናት የተባለችው ልጇን ስታቅፍ ዓይኗ ወዴት እንደሚሄድ፣ አባት ነው የተባለው ሲቆጣ ልጁ በእውነት ይደነግጥ እንደ ሆነ፣ ማዕዱ ሞልቶ ሳለ ወጡን የሠራው ማን እንደ ሆነ እመረምራለሁ። ይህን ልማድ ያገኘሁት በደርግ ዘመን፣ ባሕር ዳር ላይ፣ ከአንድ የአቡጀዲ መጋረጃ ፊት ነው።

ያን ጊዜ ሃያ ዓመት የዘለልሁ ዲያቆን ነበርሁ። ከሐይቁ ማዶ ባለ አንድ ገዳም የሐዲሳትን ትርጓሜ እማር ነበር። የትርጓሜ ትምህርት ሥርዓት ያለው ነው። አስቀድሞ ንባቡ ይነበባል፤ ቀጥሎ ይፈታል፤ ከዚያ መምህሩ "አንድም" እያለ ሌላውንም ሌላውንም ምሥጢር ያወርዳል። አንዱ ንባብ ሦስትም አራትም ፍቺ ሊኖረው ይችላል። ነገር ግን የኔታ ሁልጊዜ የሚያስጠነቅቁን ነገር ነበር፤ "ልጆቼ፣ ትርጓሜው ቢበዛ አትደንግጡ። ንባቡን ጥሎ የሄደ ትርጓሜ ያገኛችሁ እንደ ሆነ ግን፣ ተርጓሚው ምን ፈልጎ ነው ብላችሁ ጠይቁ" ይሉ ነበር።

በዐቢይ ጾም እኩሌታ ላይ የኔታ ጧፍና ለመሥዋዕት የሚሆን ዘቢብ ገዝቼ እንድመጣ ወደ ከተማ ላኩኝ። ግሽ አባይ በሚባለው የባሕር ዳር ሰፈር ታላቅ እኅቴ እታገኝ ትኖር ነበርና ከእርሷ ቤት አረፍሁ። ባሏ ጋሽ ወንድወሰን ወሎ ተወልዶ፣ ለሥራ ባሕር ዳር መጥቶ፣ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፈረቃ የሚሠራ ዝምተኛ ሰው ነበር። ሁለት ልጆች ነበሯቸው፤ ወንዱ መስፍን፣ ሴቷ ሰብለ።

መስፍን ግን ቤት አልነበረም። ለብሔራዊ ውትድርና ሲጠራ እናቱ በሌሊት በጀልባ አሻግራ ከሐይቁ ምዕራብ ዳር ቁንዝላ አንድ ዓሣ አስጋሪ ዘመዳችን ዘንድ አስቀመጠችው። ከእነ እታገኝ ሰፈር ወደ ጦር ሜዳ የሄዱ ልጆች ነበሩ፤ የተመለሱትን ግን አንድም እናት አላየችም። ለጎረቤት "አዲስ አበባ አጎቱ ዘንድ ሄዷል" ተባለ። ሰብለ፣ ገና የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ፣ ጀልባ በሚነሣበት ቀን ሁሉ በሶና ድርቆሽ በነጠላ ቋጥራ ወደ ወደቡ ትወርድና "ለአክስቴ አድርሱልኝ" ብላ ለጀልባው ሰዎች ትሰጣለች። እኔ በአንድ እግሬ ስለማነክስ ለዘመቻ የሚፈልገኝ አልነበረም፤ ስለዚህ እታገኝ በእኔ መምጣት አልፈራችም። ከእኔ በቀር ግን ሁሉን ትፈራ ነበር። ስለ ልጇ ልታወራኝ ስትፈልግ ሙቀጫ ታቀርብና እየወቀጠች ትነግረኝ ነበር። በጾም ወራት የዚያን ያህል የተወቀጠ በርበሬ በዚያ ሰፈር ኖሮ አያውቅም።

በመጣሁ በማግስቱ የቀበሌው ጥበቃ በድምፅ ማጉያ እየለፈፈ በየደጃፉ አለፈ። ማታ በቀበሌው ግቢ ስለ ቤተሰብ ፍቅር የሚያስተምር ፊልም ይታያል፤ ወላጆች ከነልጆቻቸው እንዲገኙ፤ የቀረ ይጠየቃል።

እኔ ፊልም አይቼ አላውቅም ነበር። "እታለም፣ በጾም እንዲህ ያለ ነገር ምን ይረባናል? እኔ ልቅር" አልኋት።

"ብትቀር ስምህ ይነሣል" አለች፤ ሙቀጫውን ሳታቆም። "ያንተ ስም ሲነሣ የመስፍን ስም ይከተላል። ትሄዳለህ። ኃጢአት ከሆነም ለእኔ ይቆጠር።"

ጋሽ ወንድወሰን የሌሊት ፈረቃ ስለ ነበረው ሦስታችን ሄድን። ፀሐይ ገብታ ነበር። ከሐይቁ በኩል ለብ ያለ ነፋስ ይነፍሳል፤ የደረቀ ደንገልና የእርጥብ ጭቃ ሽታ ይዞ ይመጣል። ከግድግዳው ላይ አቡጀዲ ተወጥሯል። ከመኪና ላይ የወረደ ጄኔሬተር ይጮኻል። እኔ እግሬን መዘርጋት ስለ ነበረብኝ ከፊት መሬት ላይ ተቀመጥሁ፤ ሰብለ አጠገቤ፣ እታገኝ ከኋላችን። በቀኜ እማሆይ ወለተ ጻድቅ የሚባሉ የሰፈሩ መነኩሲት ዱካ በምትባል በርጩማቸው ተቀምጠው መቍጠሪያቸውን ይቈጥሩ ነበር።

ፊልሙ በማናውቀው ቋንቋ ነበር። ስለዚህ የቀበሌው ካድሬ ጓድ ዳምጤ በድምፅ ማጉያ ወደ አማርኛ ይመልሰው ነበር። ቀጭን፣ መነጽር የሚያደርግ፣ ቀድሞ አስተማሪ የነበረ ሰው ነው። ድምፁ ያማረ ነበር፤ ዲያቆን ቢሆን ኖሮ ብዬ እስከ መቅናት ደርሼ ነበር።

መጀመሪያ የታየው አመዳይ የለበሰ መንደር ነው። ምድሩ ሁሉ ነጭ ነው። ከኋላችን አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ "ይሄ የእኛ ክፍል የጥጥ ብናኝ ነው፤ መጥረጊያ አጥተው ነው" ሲል ሰው ሁሉ ሳቀ። ቀጥሎ በረት ታየ፤ አንዲት ዝንጉርጉር ላም፤ ከባልዲ የሚንቆረቆር ወተት። እማሆይ በጾም ወተት እንዳያዩ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ፤ አያሌ ሴቶችም እርሳቸውን አይተው ሸፈኑ። እኔም አንገቴን አቀረቀርሁ፤ ግን አላስቻለኝም።

"ይህ ወጣት" አለ ዳምጤ፣ በገለባ ላይ የተኛ ልጅ ሲታይ፣ "ለአገሩ ዘብ እንዲቆም ተጠርቶ ሳለ ፈርቶ ከበረት የተደበቀ ነው። ይህች ደግሞ ታናሽ እኅቱ ናት። ዳቦ በጨርቅ ቋጥራ በስውር ታመላልስለታለች። ልቧ ግን አላረፈም።"

የእታገኝ ጣቶች ትከሻዬ ላይ ሲገቡ ተሰማኝ። ወደ ሰብለ አላየሁም። ሰብለም ወደ እኔ አላየችም።

ታሪኩ እንዲህ እያለ ሄደ። ልጅቷ በአመዳይ መካከል ሮጣ የአንድ ጢማም ሰው በር አንኳኳች፤ ሰውየው "የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር" ተባለ። መጣ፤ ወንድሟ ከተደበቀበት ተገኘ፤ ተመከረ፤ ዘመተ፤ በመጨረሻም ተመልሶ እኅቱን ስላጋለጠችው አመስግኖ ሳማት፤ ቤተሰቡ ሁሉ ከአንድ ማዕድ ተቀመጠ። ይህ ትርጓሜው ነበር።

ንባቡ ግን ሌላ ነበር። ሊቀ መንበር የተባለው ሰው የቆዳ ቦርሳ ይዟል። ከገባ በኋላ እናቲቱ ሙቅ ውኃ አቅርባለት እጁን ታጠበ። የልጁን ሸሚዝ ገልጦ ጆሮውን ከደረቱ ላይ አኖረ። ምላሱን አስወጥቶ አየ። እናቲቱ ደጅ ወጥታ አለቀሰች። ዘመተ የተባለው ልጅም የጦር ልብስ ለብሶ አልታየም፤ ያንኑ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጉንጩ ጎድጉዶ፣ ግድግዳ ይዞ ወደ ማዕዱ መጣ። የኔታ ፊት ተቀምጬ ቢሆን ኖሮ "ይህ ትርጓሜ ንባቡን ጥሏል" ባልሁ ነበር። ወዲያውም ሁለተኛው የየኔታ ቃል ተከተለኝ፤ ተርጓሚው ምን ፈልጎ ነው?

ፊልሙ አልቆ መብራት በራ። ዳምጤ፣ "አሁን ውይይት ነው። ከዚህ ቤተሰብ ምን ተማርን?" አለ። አንድ የቀበሌ ሹም ተነሥቶ፣ "እኅት ማለት እንዲህች ያለች ናት" ብሎ ተቀመጠ። ተጨበጨበ። "ልጆችስ ምን ይላሉ?" አለ ዳምጤ፤ መነጽሩም ወደ ፊተኛው ረድፍ ዞረ።

ዓይኑ ከማን ላይ እንደሚያርፍ ገባኝ። ሰብለ "እኔም ብሆን አጋልጠዋለሁ" ብትል፣ "ታዲያ የምታውቂው የለም ወይ?" ሊከተል ነው። "አላጋልጥም" ብትል ከዚያው ይዘው ሊጠይቋት ነው። ሁለቱም መንገድ ቁንዝላ የሚያደርስ ነበር። ድፍረት ኖሮኝ አይደለም፤ ለልጅቷ ጥቂት ጊዜ ልግዛላት ብዬ እጄን አነሣሁ።

"ጓድ፣ አንድ ጥያቄ ነበረኝ።"

"ጓድ ዲያቆን" አለ ፈገግ ብሎ። "የቆሎ ተማሪ ጥያቄ እንዳይሆን ብቻ፤ እስከ ፋሲካ ያቆየናል።"

ሰው ሳቀ። እኔም ጠበቅሁና፣ "ሊቀ መንበሩ ጆሮውን ከልጁ ደረት ላይ ያኖረው ስለ ምን ነው?" አልሁ።

ዳምጤ አልዘገየም። "ልቡ ስለ አገሩ መምታቱን ሊያዳምጥ ነዋ።"

ሳቁ በረታ። ተሸንፌ ልቀመጥ ስል እማሆይ ወለተ ጻድቅ በዱካቸው ላይ እንዳሉ፣ "እንግዲያስ ምላሱን ስለ ምን አስወጣው?" አሉ።

"እማሆይ፣ እርስዎ ዓይንዎን ሸፍነው አልነበረም?" አላቸው አንድ ጎረምሳ ከኋላ።

"ወተቱን ነው የሸፈንሁት፤ ሰውየውን በጣቶቼ መካከል አይቸዋለሁ።"

ከዚህ በኋላ ግቢው ሁሉ ዳኛ ሆነ። አንዷ፣ "እናቲቱ አንዴም ምድጃ ስትነካ አላየን፤ ያ ሁሉ ምግብ ከየት መጣ?" አለች። ሌላው፣ "ላሚቱን ማን አለባት? ልጁ ተኝቷል፣ ልጅቷ ትሮጣለች፣ አባትየው ፒፓ ያጨሳል" አለ። የፋብሪካው ሰው፣ "ዘመተ የተባለው መቼ ነው የዘመተው? እኔ የሸሚዝ ቁልፍ እንኳ ሲቀይር አላየሁት" አለ። ዳምጤ እጁን አንሥቶ ዝም እስኪሉ ጠበቀ። ከዚያ ስፈራው የነበረው ደረሰ።

"አንቺ" አለ። "የወይዘሮ እታገኝ ልጅ። ተነሺ እስቲ። አንቺ በዚያች ልጅ ቦታ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?"

ሰብለ ተነሣች። ቀሚሷን ከኋላዋ አራገፈች። እታገኝ ከትከሻዬ ላይ እጇን አንሥታ እንደ ነበር አስታውሳለሁ፤ ከባድ ሸክም የወረደልኝ መስሎኝ ሳለ ይልቁን የባሰ ፈራሁ።

"ሐኪም እጠራለት ነበር" አለች ሰብለ። "ልጅቷም ያንኑ ነው ያደረገችው። ወንድሟ እኮ ታሞ ነው።"

ዳምጤ አያት። ለረጅም ጊዜ አያት። በመጨረሻ፣ "ብልህ ልጅ ናት። ቤተሰብ የታመመውን ማስታመም አለበት፤ ይህም ትምህርት ነው። ውይይቱ እዚህ ላይ ያበቃል" አለ።

ሕዝቡ ሲበተን በአጠገቤ አለፈ። ድምፅ ማጉያውን በሽቦው እየጠቀለለ፣ ቀና ሳይል፣ "ዲያቆን፣ ዓይንህ ደኅና ነው። የነገዋ ጀልባ ማልዳ ነው የምትነሣው፤ እንዳታመልጥህ" አለኝ።

ቤት ስንገባ እታገኝ ሙቀጫውን አላቀረበችም። ከደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ፣ "ለእኛ ነው የተነገረው" አለች።

"እታለም፣ ምናልባት ቋንቋውን አያውቀው ይሆናል።"

"ዳቦ በጨርቅ ቋጥራ ሲል ሰብለን እያየ ነው ያለው። አትከራከረኝ።"

ጎሕ ሲቀድ ጋሽ ወንድወሰን ከፈረቃው ተመለሰ። የሆነውን ስንነግረው ጫማውን ሳያወልቅ ቆመ። በሌላ ቀበሌ የሚኖር የሥራ ባልደረባው ያንኑ ፊልም በፊተኛው ሳምንት አይቶ ለማሽን ጓደኞቹ ሲተርክላቸው ነበር፤ በዚያ ቀበሌ በተነገረው ትርጉም ልጁ የሳንባ ሕመም የያዘው፣ ጢማሙም ሐኪም ነው። የደበቀውም ያጋለጠውም የለም። ጋሽ ወንድወሰን ይህን ተናግሮ ወደ እኔ ዞረና፣ "ጀልባዋ ትነሣለች?" አለኝ።

ዘቢቡንና ጧፉን ይዤ ወረድሁ። ሰብለ ያን ዕለት ምንም ይዛ አልወረደችም። በጀልባዋ ላይ የተቀመጡትን ሁሉ አንድ በአንድ አየሁ። ነጭ ሽንኩርት የሚነግድ፣ ጃንጥላ የያዘ ሰው ሁለት ጊዜ ወዴት እንደምሄድ ጠየቀኝ፤ ሁለት ጊዜም ወደ ገዳሜ ነው አልሁት። ጀልባዋ ከገዳሙ ወደብ ስትደርስ አልወረድሁም። ሰውየው አየኝ። "ተኝቼ አለፈኝ" አልሁት፤ ዓይኔ እንደ ፈጠጠ። ከዚያ እስከ ቁንዝላ ድረስ ሐይቁን እንጂ እርሱን ላላይ ማልሁ፤ ነገር ግን ጃንጥላው ሲንኳኳ በጆሮዬ እሰማ ነበር። ሰውየው በኋላ እንዳጣራሁት ምስኪን የሽንኩርት ነጋዴ ነበር። የዚያ ዘመን ትልቁ ጉዳት ይህ ይመስለኛል፤ የሚያስፈራውንና የማያስፈራውን ሰው በአንድ ዓይን ያሳየን ነበር።

መስፍን ከደንገሉ ዳር መረብ ሲጠግን አገኘሁት። ጠቁሮ፣ ከስቶ፣ ዓሣ ዓሣ ይሸት ነበር። የመጣሁበትን ስነግረው ሳቀ።

"ጋሼ፣ በፊልም ምክንያት ሽሽ ነው የምትለኝ?"

"ፊልሙ ስለ አንተ ነው።"

"እኔን የት ያውቁኛል ነጮቹ?"

"ነጮቹማ አያውቁህም። ያወቀህ ተርጓሚው ነው።"

ያን ጊዜ መሳቁን ተወ። በዚያው ቀን በእግሩ ወደ አቸፈር ገጠር ገባ። ሳምንቱ ሳይወጣ የታጠቁ ሰዎች በጀልባ መጥተው የዓሣ አስጋሪውን ቤት ፈተሹ፤ መረቡን ብቻ አገኙ።

ፊልም ቢሆን ኖሮ ከዚህ በኋላ ማዕድ ይዘረጋ ነበር። እኛ ግን ከዚያ ወዲያ አምስታችን ከአንድ ማዕድ ተቀምጠን አናውቅም። መስፍን የተመለሰው መንግሥቱ ከወደቀ በኋላ ነው፤ ትምህርቱ ቀርቶ፣ ጥርሱ ረግፎ መጣ። ጋሽ ወንድወሰን ያን ጊዜ ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ካረፈ ሁለት ክረምት አልፎት ነበር። እታገኝ ልጇ ሲገባ ወንበር አቀረበችለትና ወደ ባዶው የአባቱ መደብ አየች። ማንም ያንን ቀርጾ አላሳየም።

ሰብለ ዛሬ የልጆች እናት ናት። አንድ ጊዜ፣ "ሐኪም መሆኑን ያወቅሽው በምኑ ነው?" ብዬ ጠየቅኋት። "እጁን ሲታጠብ ነዋ" አለችኝ። "ሥራ ከመጀመሩ በፊት እጁን የሚታጠብ ሊቀ መንበር አይቼ አላውቅም።"

ዳምጤ በዚያው ክረምት ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛወረ ተባለ፤ ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። ያደረገውን ግን እስከ ዛሬ እንደ አስቸጋሪ ንባብ እየፈታሁት አለሁ። ወጥመድ አጥምዶ ሰብለን ሊያናግራት ነበር። አንድም፣ ከበላዩ ታዝዞ እንጂ ልቡ አልነበረበትም፤ ስለዚህ ልጅቷ ስትመልስለት ደስ ብሎት ለቀቃት። አንድም፣ የሚመጣውን አውቆ፣ በሌላ መንገድ ሊነግረን ቢፈራ፣ በሰው ሁሉ ፊት በድምፅ ማጉያ "ታውቆባችኋል" አለን፤ ጀልባዋንም አስታወሰኝ። ሦስቱም ንባቡን አይጥሉም። የኔታ በሕይወት ቢኖሩ የትኛውን እንደሚያጸኑ አላውቅም።

ይህን ሳስብ ማርታ ጉልበቴን ነካች። "ጨረሱ አባባ? ክፉ ነው?"

በቴሌቪዥኑ ላይ አባትየው ልጁን አቅፎ ነበር፤ እናትየውም እጇ ሊጥ እንደ ነካ ቆማለች። እጇን አየሁና፣ "ክፉ አይደለም። ቢያንስ ዳቦውን የጋገረችው ማን እንደ ሆነች ታውቋል። ድምፁን ክፈቺው" አልኋት።

ልጆቹ እየሳቁ ሲያዩ እኔ ለሠርክ ጸሎት ወደ ጓዳ ገባሁ። በጸሎቴ መጨረሻ የሰዎችን ስም የመጥራት ልማድ አለኝ፤ አስቀድሞ ስለ ወዳጆቼ፣ ቀጥሎ ስለ ጠላቶቼ እጸልያለሁ። ለዳምጤ ከሁለቱ ቦታውን አግኝቼለት አላውቅም። ስለዚህ ወዳጆቼን ከጨረስሁ በኋላ፣ ጠላቶቼንም ሳልጀምር፣ በመካከል ጥቂት ዝም እላለሁ፤ ከዚያም ስሙን ብቻውን እጠራዋለሁ።